ከለቀማ በፊት የሚረጭ ሆርሞን፦ ፍሬው መጋዘን ውስጥ እንዲቆይ ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ፍሬ መጋዘን ገብቶ ሲላላ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የተበላሸው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው። መብሰል የጀመረ ፍሬ ቀዝቃዛ ክፍል ስለገባ ወደ ኋላ አይመለስም። ቅዝቃዜው ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። ስለዚህ ከለቀማ በፊት ባሉት ሳምንታት የምትረጩት ሆርሞን ትልቅ ለውጥ ያመጣል፣ በትክክል ከተሠራ። ካልተሠራ ግን በገዛ ገንዘባችሁ ፍሬውን አፍጥናችሁ ታበሰብሱታላችሁ።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። እነዚህ ሆርሞኖች መጥፎውን ፍሬ ጥሩ አያደርጉትም። የሚሰጡት ጊዜ ብቻ ነው። ያንን ጊዜ ደግሞ ሁለቴ ማጥፋት አይቻልም። ወይ ዛፍ ላይ ታጠፉታላችሁ፣ ፍሬው ይተልቃል፣ ቀለም ይይዛል። ወይ መጋዘን ውስጥ ታጠፉታላችሁ፣ ፍሬው እንደጠነከረ ይቆያል። ረጭቶ፣ ለቀማውን ሁለት ሳምንት አዘግይቶ፣ በኋላ «መጋዘን ውስጥ ምንም ለውጥ አላየሁም» የሚል ሰው ሞልቷል። ለውጡማ ነበር፤ ዛፉ ላይ አለቀ እንጂ።

ደረጃ 1፦ ፍሬያችሁ ከየትኛው ወገን ነው?

ፖም፣ ፒር፣ ኮክ፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ሲበስሉ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ራሳቸው ያመነጫሉ። ጋዙ መብሰሉን ያፋጥናል፣ የተፋጠነው መብሰል ደግሞ ሌላ ጋዝ ይጨምራል። አንዴ ከተነሳ መያዣ የለውም። አንድ የበሰለ ፍሬ ሳጥኑን ሙሉ ይዞ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ወገን ላይ ሥራችሁ ኢቲሊኑን ማዘግየት ነው።

ብርቱካን፣ ሎሚ፣ መንደሪን፣ ወይን፣ ቼሪና እንጆሪ ግን ከተለቀሙ በኋላ አይበስሉም። ዛፍ ላይ የያዙትን ጣዕም ይዘው ነው የሚወርዱት። የእነሱ ጣጣ እርጅና ነው። ልጣጩ ይላላል፣ እጀታው ይደርቃል፣ ሻጋታ መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ ለብርቱካንና ለቼሪ ዓይነቶቹ የሚፈለገው ልጣጩን ወይም ሥጋውን ጠንካራ አድርጎ የሚያቆይ ነገር ነው። እሱም በአብዛኛው ጂብሬሊክ አሲድ የሚባለው የዕፅዋት ሆርሞን ነው።

ይህንን ሳይለዩ «ጥሩ ሆርሞን አለ?» ብሎ መግዛት ከንቱ ነው። ለብርቱካን የተባለውን ፖም ላይ መርጨት ቢያንስ ገንዘብ መጣል ነው።

ደረጃ 2፦ ምን እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍሬ እንዳይረግፍ የሚያደርግ ነገር ሁሉ ፍሬ መጋዘን ውስጥ እንዲቆይ አያደርግም። እንዲያውም አንዳንዱ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው።

ዋናው ምሳሌ ኤንኤኤ ነው፣ ናፍታሊን አሴቲክ አሲድ። እ.ኤ.አ. በ1939 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የፖም ፍሬ ከለቀማ በፊት እንዳይረግፍ እንደሚያደርግ አሳዩ፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሲረጭ ኖሯል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም። ሥራውን ለመጀመር ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ከዚያ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ አሥር ቀን ገደማ ፍሬውን ዛፉ ላይ ይይዘዋል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ችግሩ ግን ኤንኤኤ ራሱ ፍሬው ኢቲሊን እንዲያመርት ይገፋፋል። ማለትም እጀታውን ይዞ ሥጋውን ያበስላል። በተለይ ሙቀት ካለና መጠኑ ከበዛ ወይም ሁለቴ ከተረጨ፣ ዛፉ ላይ ቆንጆ ሆኖ የታየው ፍሬ መጋዘን ውስጥ ቶሎ ይላላል። ስለዚህ ኤንኤኤ የተረጨ ፍሬ ተለቅሞ ወዲያው ገበያ ለሚሄደው ነው። ለወራት የምታስቀምጡት ላይ አትሞክሩት።

ለማስቀመጥ ከሆነ ፖምና ፒር ላይ የሚመረጠው ኤቪጂ ነው። ሙሉ ስሙ አሚኖኢቶክሲቪኒልግላይሲን ነው፣ አንዴ ካነበባችሁት ደግማችሁ አታነቡትም። ሪቴይን በሚል ስም ይሸጣል። ኤቪጂ ኢቲሊን ከመሠራቱ በፊት የሚሠራውን ኢንዛይም ነው የሚያግደው። ጋዙ አንዴ በብዛት መመረት ከጀመረ ብዙም አይረዳም። የተለመደው ጊዜ ይለቀማል ከተባለበት ቀን አራት ሳምንት ቀድሞ ነው። ውጤቱ እስኪታይ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ለቀማው ሊደርስ ሲል «አሁን ልርጭ» ማለት ረፍዷል ማለት ነው። ለፖም ሙሉው መጠን በሄክታር 125 ግራም ገደማ ንጥረ ነገር ነው። ምርቱ 15 በመቶ ስለሆነ በሚዛን ወደ 830 ግራም ይመጣል።

ኤቪጂ ዋጋ የሚያስከፍለው ቀለም ላይ ነው። የፖም መቅላት ከመብሰሉ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ መብሰሉ ሲዘገይ ቀለሙም ይዘገያል። በቀይ ቀለሙ የሚሸጥ ዝርያ ካላችሁ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ወይም ወደ ለቀማው ትንሽ አስጠግቶ መርጨት የተለመደ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ ቀለሙ በራሱ ጊዜ በማይመጣበት ማሳ ላይ መጀመሪያ መገረዝ ያለበት ዛፉ ነው። ጥላ ውስጥ ያለ ፍሬ በየትኛውም ሆርሞን አይቀላም።

ሦስተኛው 1-ኤምሲፒ ነው፣ 1-ሜቲልሳይክሎፕሮፒን። ይህኛው ኢቲሊን እንዳይሠራ አያግድም፤ የተሠራው ኢቲሊን ፍሬው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ሌላው ቁልፍ እንደማይገባ ማለት ነው። ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ የተባሉ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት፣ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1996 ተሰጠ። በብዛት የሚታወቀው ከለቀማ በኋላ በታሸገ ክፍል ውስጥ ሲለቀቅ ነው። ዛፍ ላይ የሚረጭ ዓይነትም አለው፣ እሱ ከኤቪጂ በተለየ ቶሎ ስለሚሠራ ለቀማው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ይረጫል። ነገር ግን 1-ኤምሲፒ በተፈጥሮው ጋዝ ነው። ለርጭት የተዘጋጀውና የራሱ መሣሪያ ያለው ካልሆነ፣ በተራ የጀርባ መርጫ የሚሆን ነገር አይደለም።

ጂብሬሊክ አሲድ ደግሞ የሌላው ወገን መድኃኒት ነው። ቼሪ ላይ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ቢጫ ሲቀየር፣ ለቀማው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በሊትር ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይረጫል። ፍሬው ጠንካራና ተለቅ ያለ ይሆናል፣ ለቀማውም ጥቂት ቀናት ይዘገያል። ብርቱካንና መንደሪን ላይ ልጣጩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ቀለም መቀየር ሊጀምር ሲል ይረጫል፣ በተለምዶ በሊትር ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም። ልጣጩ ሳይላላ ይቆያል፣ መንደሪኑም ልጣጩ ከሥጋው ተላቆ አይነፋም። ቀለሙ ከጀመረ በኋላ ከረጫችሁ ግን ግማሹ ቢጫ ግማሹ አረንጓዴ የሆነ ዥንጉርጉር ፍሬ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ቀድማችሁ ለገበያ ማድረስ የምትፈልጉት ማሳ ላይ ጭራሽ አትርጩ፣ ዘግይቶ የሚለቀመው ላይ ብቻ። መጠኑን መጨመርም አያዋጣም። ቼሪ ላይ ከበዛ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ ይቀንሳል፣ ብርቱካንም ላይ አበባ በሚወጠንበት ወቅት ከተረጨ እንዲሁ።

በአንዳንድ አገሮች ለብርቱካን ቱፎርዲም በጣም ትንሽ በሆነ መጠን ፍሬ እንዳይረግፍና ጫፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ቆብ እንዳይደርቅ ይረጫል። አዎ፣ ያው የምናውቀው ፀረ-አረም ነው። ቆቡ ሲደርቅ ሻጋታ በዚያ ስለሚገባ ነገሩ ትርጉም አለው። ግን በነፋስ ተወስዶ አጠገብ ያለ ወይን፣ ጥጥ ወይም ቲማቲም ላይ ካረፈ ጉድ ነው። ለዚህ ሥራ የተፈቀደ ምርት በእጃችሁ ከሌለ የአረሙን ጠርሙስ አንስታችሁ አትሞክሩ።

ኢቴፎንን በተመለከተ አጭር ልሁን። ኢቴፎን ተክሉ ውስጥ ሲገባ ፈርሶ ኢቲሊን ይለቃል። ያቀላል፣ ያበስላል፣ ያረግፋል። ቀለም ፈልጋችሁ ፖም ላይ ከረጫችሁት ፍሬውን ለቅማችሁ ወዲያው ሽጡት። መጋዘን አታስገቡት።

ደረጃ 3፦ ቀኑን እወቁ

«ከለቀማ አራት ሳምንት በፊት» ማለት ቀላል ነው። ግን ለቀማው መቼ እንደሆነ አራት ሳምንት ቀድሞ ማን ያውቃል? መዝገብ የያዘ ሰው ያውቃል። ሙሉ አበባ የወጣበትን ቀን ጻፉ፣ ለቀማ የጀመራችሁበትንም ጻፉ፣ በመካከላቸው ያለውን ቀን ቁጠሩ። በየዝርያው ያ ቁጥር ከዓመት ዓመት ብዙም አይርቅም፣ ወቅቱ ሞቃት ከሆነ ያጥራል፣ ከቀዘቀዘ ይረዝማል። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ የርጭቱን ቀን ታገኛላችሁ።

ለቀማው ሲቃረብ ደግሞ ግምቱ ያበቃል፣ መለካት ይጀመራል። ለፖምና ለፒር የአዮዲን ምርመራን የሚያህል ርካሽና ቀላል ነገር የለም። 10 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ትንሽ ውሃ ውስጥ አሟሙ። እሱ ላይ 2.5 ግራም አዮዲን ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፣ አዮዲን በንጹህ ውሃ ብቻ በደንብ አይሟሟም። ከዚያ ውሃ ጨምራችሁ አንድ ሊትር ሙሉት። ብርሃን ስለሚያበላሸው ጠቆር ያለ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡት፣ ላዩ ላይም «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከተለያዩ ዛፎች፣ ከጥላም ከፀሐይም በኩል፣ አሥር ያህል ፍሬ ውሰዱ። እያንዳንዱን በወገቡ አግድም ቁረጡ፣ ከላይ ወደ ታች አይደለም። የተቆረጠውን ፊት ፈሳሹ ላይ ነክራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ስታርች ያለበት ቦታ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል፣ ወደ ስኳር የተቀየረው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጥሬው ፍሬ ሙሉ ለሙሉ ይጠቁራል። እየበሰለ ሲሄድ መጀመሪያ ዘሩ ያለበት መሃል ይነጣል፣ ከዚያ ንጣቱ ቀስ እያለ ወደ ልጣጩ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ከልጣጩ ሥር ቀጭን ጥቁር ቀለበት ብቻ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ፍሬ የሚለቀመው መሃሉ ነጥቶ ሥጋው ገና በአብዛኛው ጥቁር ሳለ ነው። ቀለበቱ ብቻ የቀረው ፍሬ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ግን ቶሎ ይበላ። ዝርያዎች ስለሚለያዩ በየዓመቱ የተቆረጡትን ፎቶ አንስታችሁ ማስቀመጥ ከየትኛውም ሰንጠረዥ በላይ ይጠቅማችኋል። አዮዲን የነካውን ፍሬ አትብሉ፣ ለከብትም አትስጡ።

የፍሬ ጥንካሬ መለኪያ ካላችሁ ለፖም 11 ሚሊሜትር፣ ለፒር 8 ሚሊሜትር ጫፍ ነው የሚገጠመው። ልጣጩን በስሱ ላጡና ለኩ።

ደረጃ 4፦ መጠኑን አስሉ

ሆርሞን እንደ ማዳበሪያ አይደለም፣ በዓይን ግምት አይሰፈርም። እጥፍ ስለተደረገ እጥፍ አይሠራም፣ ሥራውን ሊገለብጥም ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 15 ሊትር የሚይዝ መርጫ አላችሁ እንበል፣ በሊትር 20 ሚሊግራም ጂብሬሊክ አሲድ ትፈልጋላችሁ። 20 በ15 ሲባዛ 300 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.3 ግራም ንጥረ ነገር ነው። አሁን ፓኬቱን አንብቡ። 10 በመቶ ከሆነ 3 ግራም ዱቄት ያስፈልጋችኋል። 90 በመቶ ከሆነ ግን 0.33 ግራም ብቻ። እነዚህን ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ምንም አልረጨም፣ ወይ ዘጠኝ እጥፍ ረጭቷል። 0.33 ግራም በወጥ ቤት ሚዛን አይመዘንም፣ ስለዚህ በግራም መቶኛ ድረስ የሚመዝን ሚዛን ፈልጉ፣ ወይም ለትልቅ በርሜል አንድ ላይ አዘጋጁ።

ንጹሕ የጂብሬሊክ ዱቄት በውሃ ቶሎ ስለማይሟሟ መጀመሪያ ጥቂት አልኮል ውስጥ አሟሙት። በውሃ የሚሟሟ ተብሎ የተዘጋጀው ይህ አያስፈልገውም።

ውሃውንም እዩት። ጂብሬሊክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ያለ ውሃ ውስጥ ኃይሉን ያጣል፣ ከ8 በላይ ከሆነማ ተዉት። ከ7 በታች አድርጉት፣ የተዘጋጀ ማስተካከያ አለ። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው፣ ያለ እሱ አትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ የርጭቱ ቀን

ቅጠልና ፍሬ ሆርሞኑን የሚመጥጡት እርጥብ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ቀስ ብሎ በሚደርቅበት ሰዓት ርጩ። የቀትር ፀሐይ ላይ የተረጨ ጠብታ ሳይገባ ይደርቃል። ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ለሌላ ቀን አስተላልፉት። ከርጭቱ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሰባት ሰዓት ዝናብ እንዳይኖር ትንበያውን እዩ።

ኤቪጂን ስትረጩ ጠብታውን የሚዘረጋ ማስፋፊያ ጨምሩበት፣ የሲሊኮን ዓይነቱ በብዛት ይመረጣል። ያለ እሱ ውሃው ሰም ባለው ልጣጭ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል። ስትረጩ ፍሬውንም ቅጠሉንም አርጥቡ፣ ግን መሬት እስኪንጠባጠብ አትድፉበት። የዛፉ አናትና መሃሉ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው። ከዛፉ ሥር ቆማችሁ ወደ ላይ እዩ፣ ጥላ ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ደረቅ ከሆኑ ሥራው ግማሽ ነው።

የተዘጋጀውን ውሃ ለነገ አታሳድሩ። ካልሲየም፣ ፀረ-ተባይ ወይም የቅጠል ማዳበሪያ አንድ በርሜል ውስጥ አትደባልቁ፣ ሌብሉ ካልፈቀደ በቀር። ካልሲየሙን ግን አትተዉት፤ በሌላ ቀን ለብቻው ርጩት። ፖም መጋዘን ውስጥ የሚያወጣው ቡናማ ጉድጓድ ጉድጓድ የካልሲየም እጥረት ነው፣ ሆርሞን አያድነውም። በድርቅ የተጎዳ፣ ቅጠሉ በተባይ ያለቀ ዛፍም ላይ ሆርሞን መርጨት ከንቱ ድካም ነው። ዛፉ በራሱ ጭንቀት ኢቲሊን እያመረተ ነውና።

ጓንት፣ መነፅር፣ ረጅም እጅጌ። «ሆርሞን እኮ ነው፣ መርዝ አይደለም» ብሎ በባዶ እጅ የሚበጠብጥ አለ። ተዉ።

አሁን ስለ ፈቃድ። ምርቱ በአገራችሁ ለዚያ ፍሬ መመዝገቡን አጣሩ፣ ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበትን የቀን ብዛትም ሌብሉ ላይ አንብቡ። ፍሬው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የገዢው አገር የቅሪት ወሰንም አለ። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ዳሚኖዛይድ፣ በንግድ ስሙ አላር፣ ፖምን ጠንካራና ቀይ አድርጎ በማቆየት ለዓመታት የተወደደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስ የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ካንሰር ያመጣል የሚል ስጋት በአሜሪካ ትልቅ ሁከት አስነሳ፣ አምራቹም ለምግብ ሰብል መሸጡን አቆመ። የዚያን ሰሞን ሰው ፖም መግዛት ፈራ፣ ያልረጨው ገበሬም አብሮ ከሰረ።

ደረጃ 6፦ ከረጫችሁ በኋላ

አንድ ረድፍ ሳትረጩ ተዉ። ጫፉ ላይ ያለው አይሁን፣ መሃል ላይ ያለ ተመሳሳይ ረድፍ ይሁን፣ ግንዱ ላይም ባለቀለም ጨርቅ እሰሩበት። ሰው «ለምን አንድ ረድፍ ላጣ?» ይላል። ግን ያለ እሱ ሆርሞኑ ሠራ ወይስ ወቅቱ ነው የረዳው፣ መቼም አታውቁም። የሚቀጥለው ዓመት ወጪ የሚወሰነው በዚህ ረድፍ ነው።

የተረጨውን ማሳ ለብቻው፣ ያልተረጨውን ለብቻው በአዮዲን መርምሩ። የተረጨው ስለዘገየ ካልተረጨው ጋር እኩል አትልቀሙት፣ እንዲሁም ስለቻለ ብቻ ለሳምንታት አትተዉት። መጀመሪያ ላይ ያልኩት ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ነው። ለመጋዘን የታሰበው መሃሉ ነጥቶ ሥጋው ጥቁር ሳለ ይለቀም። ለቅርብ ገበያ የታሰበው ላይ ትልቅና ቀይ እስኪሆን መጠበቅ ትችላላችሁ። አንዱን ማሳ ከሁለት ከፍላችሁ ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል፣ አንዱ ፍሬ ላይ ግን ሁለቱን አትጠብቁ።

ከተለቀመ በኋላ ፍሬው ፀሐይ ላይ አይዋል፣ በዚያው ቀን ይቀዝቅዝ። የተቀጠቀጠውንና የተወጋውን አውጡ፣ ቁስል ራሱ ኢቲሊን ያስነሳል። ኤቪጂ የተረጨውን ፖም ከበሰለ ሙዝ ወይም ካልተረጨ ፖም ጋር አንድ ክፍል አታስገቡ። ኤቪጂ የሚያግደው ፍሬው ራሱ የሚያመርተውን ነው፣ ከጎረቤት የሚመጣውን ጋዝ አያስቆምም። 1-ኤምሲፒ እዚህ ላይ ይሻላል፣ ከየትም ይምጣ ማረፊያውን ስለሚይዝ።

መጋዘን ስታስገቡ ከተረጨውም ካልተረጨውም አንዳንድ ሳጥን ምልክት አድርጋችሁ በር አጠገብ አስቀምጡ። በየወሩ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ፍሬ አውጡ። ወዲያው አትቁረጧቸው። በክፍል ሙቀት አንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ አቆዩአቸውና ከዚያ ለኩ፣ ቅመሱ፣ ከፍታችሁም መሃላቸውን እዩ። ከማቀዝቀዣ የወጣ ዕለት ሁሉም ፍሬ ጠንካራ ነው። ገዢው ቤት የሚበላው ግን ያንን ሳምንት ያሳለፈውን ነው። ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱ መላላት ሲጀምር፣ ያ ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት መሸጥ አለበት ማለት ነው፤ ሌላው ሊቆይ ይችላል።